የኮምባይነሩ ሁሴን ልጅ

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ፋርማሲው አልተከፈተም። ቁልፉ ከአለቃዬ ጋር ነው፣ አለቃዬ ከእንቅልፉ ጋር። በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍብህ ደብተሬ። ጣቴ ደርቋል። የጭላሎ ብርድ ዘንድሮ ምሕረት የለውም።

ማተሚያ ቤቱ ደውሎ ነበር። የሠርጌ ጥሪ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ የጠሪው ስም። ማለትም የአባቴ።

አባቴ ሁሴን ተሰማ ይባላል። ክርስቲያን ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። ግን ሁሴን። አያቴ ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን ስትወልድ፣ ሞት እንዳያውቀው ብላ ለጎረቤታችን ለአኮ ሸምሲያ (አኮ አያት ማለት ነው) በአንድ ቁና ገብስ «ሸጠችው»። አኮ ሸምሲያ ከራሳቸው ልጅ ከኦቦ ከድር ጋር አንድ ጡት አጠቡት። ለድሬው ወሊ ለሼህ ሁሴን ተሳሉለት፣ ስሙንም አወጡለት። ልጁ ተረፈ። በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ገብረ ሥላሴ ተብሏል። በዚያ ስም የሚጠራው ቄሱ ብቻ ነው።

እኔ መቅደስ ሁሴን ነኝ። ትምህርት ቤት ስሜ በተጠራ ቁጥር አንድ ዞር የሚል ነበር። የደረት ካርዴ ላይ «መቅደስ ሁ.» ነው የሚለው።

የእጮኛዬ የዮናስ እናት (ዮናስ ከዛሬ ጀምሮ ዮ. ነው፣ እጄን በርዶኛል) አዲስ አበባ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ገና አልተያየንም። የጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ፣ የረቡዕ ጾም የማይገድፉ ሴት። ሽማግሌ የላኩብን ጊዜ ሰዎቹ አባቴን «ጋሼ» እያሉ ጨርሰው ሄዱ። ስም ያነሳ አልነበረም። ካርዱ ግን ስም ይጠይቃል።

ቀትር

ደወልኩ። «አቶ ገብረ ሥላሴ ተሰማ» በሉት አልኩ። ውሸት አይደለም፣ የክርስትና ስሙ ነው። ዮ.ን አላማከርኩም። አባቴንማ።

ውሸት አይደለም።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ካርዱ መጣ። የወርቅ ቀለም፣ ሁለት ርግብ። ያምራል። አባቴ ቅዳሴ ላይ እያለ የኢተያንና የሳጉሬን እንግዶች ካርድ በሚኒባስ ሹፌር፣ የኦቦ ከድርን በሰፈር ልጅ ላክሁ። የአባቴ የድሮ ባልደረቦች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ የስንዴ ኮምባይነር ነድቶ ነው ያሳደገኝ።

ለአባቴ፣ ካርዱ አልቆ ተልኳል፣ አንድም አልተረፈም አልኩት። ሳጥኑ አልጋዬ ሥር ነው። ጥሩ አደረግሽ አለኝ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ኦቦ ከድር እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። እጃቸው ላይ ካርዱ።

ቤቱን ለማን ሸጣችሁት? አሉ እየሳቁ። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው ሠርግ ጠርቶኛል፣ አላውቀውም፣ አድራሻው ግን የእናንተው ነው። አባቴ ካርዱን ተቀበለ። መነጽሩን ፈለገ። ብዙ ቆየበት። ከዚያ እሱም ሳቀ። እኔ ነኝ እኮ፣ የቤተ ክርስቲያን ስሜ ነው፣ ሠርጉ በተክሊል ስለሆነ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነው አላቸው።

ብዬ ነው አለ። እሱ!

ኦቦ ከድር መሳቅ ተዉ። ወደኔ አላዩም፣ ተመስገን። ስለ በሬው አወሩ። የሙስሊም እንግዶቻችንን በሬ ሁልጊዜ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሸኝቷቸው ተመለሰ፣ ምሳ አቅርቢ አለኝ። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት!

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

በሽተኛ የለም። ስልኬ ላይ «ሁሴን» የሚለውን ስም ፈለግሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ የማፍርበት ምክንያት እንዲሰጠኝ ነው።

ትርጉሙ መልካም፣ ውብ ነው ይላል። ቀዳሚው የነቢዩ የልጅ ልጅ፤ በረሃ ላይ ውኃ ተከልክሎ ተገደለ፣ ዛሬም ያለቅሱለታል። ከሱ በኋላ ንጉሥ አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ፣ ሊቅ አለ፣ ሯጭ አለ። ጨካኝም አለ፣ አልክድም። ጨካኝ የሌለበት ስም ካለ አምጡልኝ።

የኛው የድሬውም አለ። ልጅ ሆኜ ጫፉ ባላ የሆነ ዘንግ የያዙ የድሬ ተሳላሚዎች በሰፈራችን ሲያልፉ አባቴ ውኃ ይዞላቸው ይወጣ ነበር። ስምህ ማነው ይሉታል። ሲነግራቸው «ሞክሼ!» ብለው እጁን ይዘው ይመርቁታል። አንገቱን ሰብሮ ነበር የሚመረቀው፣ ልክ ቄሱ ሲባርኩት እንደሚያደርገው። ያ ሁሉ ሞክሼ ባለበት ያፈረች እኔ ብቻ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። እኔ የመልአክን ሥራ በስልክ ሰረዝሁ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ከኢተያ ማንም አልደወለም። አባቴ ስልኩን በኪሱ ይዞ ጓሮ ይመላለሳል። ዛሬ አላስቻለውም፣ ኢተያ ላለው የኮምባይነር ሹፌር ጓደኛው ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሰውየው፣ አዎ አንድ ካርድ መጥቶ ነበር፣ የማናውቀው ሰው ስም ነው፣ ተሳስቶ የመጣ መስሎን ወፍጮ ቤት አስቀመጥነው፤ ልጅህን የምትድረው መቼ ነው ታዲያ? አለው።

አባቴ ስለ መኸሩ ጠየቀው፣ ሰላምታ አብዝቶ ዘጋ። እኔ ነኝ አላለም! ለኦቦ ከድር እንዳለው ለምን አላለም? ስጠይቀው፣ ተያቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ።

ገባኝ። አንዴ ዋሽቶልኛል። ሁለተኛ አቅም አጣ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

እንዴት ልጻፈው።

የዮ. እናት ሳይነግሩን መጡ። ለሠርጉ ሥራ ላግዝ ብለው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ካርዱን እንደ አድራሻ ይዘው። መናኸሪያ ወርደው የአቶ ገብረ ሥላሴን ቤት ሲጠይቁ የሚያውቅ የለም። ባለ ባጃጁ አያውቅ፣ ባለ ሱቁ አያውቅ። በአቧራው ሰፈሩን ዞሩት። ሻንጣቸውን ተሸክመው ያመጧቸው ኦቦ ከድር ናቸው።

ተቀምጠው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አንዱ ጎረቤት በአጥር ላይ «ሁሴን! መሰላሉን ታውሰኛለህ?» አለ። አባቴ፣ አቤት፣ ውሰድ አለ። ሴትዮዋ አባቴን አዩ፣ ካርዱን አዩ።

«ስንት ስም ነው ያለዎት ጋሼ?»

«ሁለት። አንዱን ቄሱ ሰጡኝ። አንዱ አኖረኝ።»

እኔን አዩኝ። ያኔ አፌን ከፍቼ ምን ብል ጥሩ ነው? ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው አልኩ። ከቄሱ ሌላ ማንም የማያውቀውን ስም ማተሚያ ቤት ተሳስቶ ሲያገኘው! አባቴ አጎንብሶ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከለ። ኦቦ ከድር ሻንጣውን አስቀምጠው ወጡ።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ ልጄ፣ እኔ እኮ የወሎ ሰው ነኝ አሉ። የአባቴ ስም እንድሪስ ነው። ዮናስ አልነገረሽም?

አልነገረኝም። አልጠየቅሁትም። የሚጠይቁኝን ብቻ ስፈራ ከረምሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የኔው አልቆ ባዶ ከረጢት ይዤ ቀረሁ። አፍሬያለሁ። በስሙ አይደለም። በራሴ ነው፣ በዚህ አፌ።

ጥር 15፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

መናኸሪያ ነኝ። የኢተያ ሚኒባስ እስኪሞላ ጉልበቴ ላይ አስደግፌህ እጽፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ኦቦ ከድር ቤት ሄድሁ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አሉኝ፤ ስሙ እኔን አይጎዳኝም፣ ለእናቴ ነው ያዘንኩት፣ ገብሷን ከፍላለች። ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በሬውን እንደሚያርዱ ነገሩኝ።

አባቴን ይቅርታ ስለው በሩን እየቀባ ነበር። ብሩሹን አላቆመም። ቀለሙ እንዳይነካሽ አለኝ። እሱ ይኸው ነው።

ሠርጉ እሑድ ነው። የተረፉት ካርዶች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። የወርቁን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዤ «ሁሴን ተሰማ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። ያስጠላል፣ ርግቦቹ ላይ ቀለም ፈሷል። ይሁን። በሹፌር አልክም፣ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ከኢተያ ስመለስ ሳጉሬ። ዮ. ልምጣ ቢለኝ እምቢ አልኩት።

ሞላ። ወያላው ሂሳብ እየሰበሰበ ነው። የመጀመሪያው በር ላይ የምለውን እዚህ ልለማመደው፦

የሁሴን ልጅ ነኝ። የኮምባይነሩ ሁሴን። አባቴ አልላከኝም፤ አሳፍሬው ነው የመጣሁት። እሑድ እባካችሁ…