የሰርኬ ምሳ

ነሐሴ 3፣ ጠዋት 12፡30

ሽሮው ሊገነፍል ነው፣ ቆሜ ነው የምጽፍብሽ ደብተሬ። እንጨቱ እርጥብ፣ ጭሱ ዓይን ያወጣል። የቢኒ ሱሪ ከታጠበ ሰነበተ፣ ዛሬም ጠብ ጠብ ይላል። ት/ቤት ዝግ ስለሆነ ሁለቱም ቤት ናቸው። ሰርኬ ዐሥር ዓመቷ፣ ቢኒ ሦስት። ትልቋ ትንሹን ትጠብቃለች፤ እኔ እናታቸው የሰው በግ ልከትብ እሄዳለሁ። የመንግሥት እንጀራ ነው። አባታቸው እንደሁ ለሥራ ብሎ መተማ ወርዶ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሷል። እሱን ተዪው።

ምሳቸው በሁለት ሳህን ተከድኗል። ውሃ ተቀድቷል። እሳቱን አጠፋለሁ፣ ክብሪቱን ኪሴ እከታለሁ። መንገድ ላይ ደጋግሜ ካልነካሁት ልቤ አያርፍም።

ሌላም ነገር አለ። ሰርኬ ፊቷ ገረጣ። ትናንት ጀሪካን ስታነሳ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ እንጃ፣ ፈራሁ።

ነሐሴ 5፣ ምሽት

ከወንዝ ማዶ ካለው ቀበሌ አሁን ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ። ሊጥ አላቦካሁም፣ ነገ ዳቦ ይገዛ። የሚታጠበው ክምር እዚያው ይክረም።

ሰርኬ እራቷን እንዴት እንደበላች ብታዪ። ተስገብግባ። ምሳ አልበላሽም ወይ ብላት በላሁ አለች። ሳህኑም ባዶ ነው፣ ታጥቦ ተደፍቷል። ታዲያ የት ይገባል? አምፖሉ ሥር አስጠግቼ የታች ዓይኗን ሽፋን ገለበጥኩ፣ በግ እንደማየው። ነጭ። በግ ብትሆን የሆድ ትል ነው ብዬ መድኃኒቱን አጠጣት ነበር። የራሴ ልጅ ስትሆን ጠፋብኝ። ደም ማነስ? ጉበት? የሰው ዓይን? እኔ የተማርኩት ሴትዮ ይህን አስባለሁ። ፈሪ ሰው የማያምነው ነገር የለም።

ነሐሴ 8

ፈቃድ ለምኜ ጤ/ጣቢያ ወሰድኳት። ደም አዩ፣ ሰገራ አዩ። ደሟ ትንሽ አነስ ብሏል እንጂ በሽታ የለባትም፣ ምግብ ይጨመርላት አሉኝ። ከየት አምጥቼ ልጨምር? ደግሞስ እየበላች አይደል?

ቢሮ ስመለስ ኃላፊው ፊቱን አጠቆረብኝ። ማዶ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል፣ ባለሙያ የለኝም፣ አንቺ ሁሌ ልጅ ልጅ ትያለሽ አለ። አዎ፣ ልጅ ልጅ እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ።

ማታ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ ሳቁብኝ። ፍልሰታ አይደለም እንዴ፣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ይጾማል፣ ያንቺዋ ምን ልዩ አደረጋት አሉ። ክው አልኩ። ሰርኬን ብጠይቃት አንገቷን ደፋች። የሷን ምሳ ለካ ቢኒ ነው የሚበላው! ያ ሁሉ ቦርጭ ከየት መጣ እል ነበር።

የንስሐ አባታችንን ደውዬ ጠየቅኋቸው። ዕድሜዋ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይበቃታል፣ ከዚያ ትቅመስ አሉ። ነገርኳት፣ እሺ አለች። ተመስገን። በሽታ አይደለም።

ነሐሴ 12

ከማዶ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ። ገበሬዎቹ ጎደል እስኪል ቆዪ አሉ። ቆምኩ። ኔትወርክ የለም። ክብሪቱ? ኪሴ ውስጥ ነው። ቢኒ ከቤቱ ኋላ ወዳለው ቦይ ቢወጣስ? የኔን ውሃ መወሰድ እንኳ ማን ይነግራቸዋል? ሊመሽ ሲል ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው አሻገሩኝ። ውሃው ደረቴ ደርሷል።

ስገባ ሰርኬ ደጃፉ ላይ ተዘርግታለች። ቢኒ በጣሳ ውሃ እየረጨባት ያለቅሳል። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ደፋሁ። ትተነፍሳለች! ስኳር በጥብጬ በማንኪያ፣ በማንኪያ። ነቃች። የዘጠኝ ሰዓቱን ምሳ ከፍቼ ባይ ከጫፉ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የጎደለው። ምነው ብላት አልዋጥልሽ አለኝ አለች። ጮህኩባት። ከዚያ እኔው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ይህ ጾም ይለቅልኝ እንጂ ሌላ አልለምንም።

ነሐሴ 16

ተፈታ። ጠዋት እንቁላል ጠበስኩላቸው፣ ሰርኬ አጠገቤ ተቀምጣ ጥርግ አድርጋ በላች። ደስ አለኝ። ዶሮውን ለምሳ ሠራሁ። ኃላፊው በበዓልም አልማረኝም፣ በጎቹ እየሞቱ ነው ሲል ደወለ። ድርሻቸውን አውጥቼ ሄድኩ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ተመለስኩ። የሰርኬ ሳህን እንዳለ ነው። ጾም የለ፣ ሕመም የለ፣ ዶሮ ወጥ እኮ ነው! ቢኒ ነው የነገረኝ። እማ ስትመጣ ነው የምትበላው አለ፣ አጥንት እየጋጠ።

ሰርኬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አውጥታ ተናገረች። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ወገቤ ደረሰ ብዬ ለእትዬ ጥሩዬ ሳወራ ምስር እየለቀመች ሰምታኛለች። ያኔ ለእመቤታችን ተሳለች። እናቴን አሻግሪልኝ፣ በሩን እስክትገባ እህል አልቀምስም ብላ። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ፣ በየቀኑ። ፍልሰታ ያልነው እኛ ነን፣ እሷ ዝም አለች።

ያቺ ጉርሻስ? አባ ፈቀዱልሽ ስላልኳት በዘጠኝ ሰዓት ቀመሰች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፣ እኔ ቀረሁ። እኔ ስለበላሁ ነው ወንዙ የሞላው አለችኝ።

 

ነሐሴ 17፣ 7 ሰዓት

አባ ጠዋት መጡ፣ ስለቱን ፈታሁልሽ አሏት። እሺ አባ ብላ መስቀል ተሳለመች። አታምናቸውም፣ ዓይኗን አይቼዋለሁ።

ቢሮ ሄድኩ። ወንዙ እስኪጎድል አልሻገርም አልኩ። ኃላፊው እንግዲያው በጽሑፍ አድርጊው አለ። አደረግሁት። ሲያነበው አልቆየሁም። ከሥራ ቢያባርሩኝ በምን እንደማሳድጋቸው አላውቅም።

ቤት ነኝ። በጠራራ ቀን ምሳ ከልጆቼ ጋር። ሰርኬ ጎረሰች። ነገስ? አለችኝ። ነገም አልኳት። ሁለተኛ ጎረሰች።

ስልኬ ጠራ። ኃላፊው ነው። ሰርኬ ማኘኳን አቆመች።

ዘጋሁት። ብዪ ልጄ አልኳት፣ እዚሁ ነኝ፣ ብዪ። ሦስተኛም ጎረሰች።