በምሳ ሰዓት ስለመረጥናቸው አገሮች

ለክቡር የአካባቢያችን ጸጥታ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ለእኛ ሲል ዕረፍት ያጣ ጆሮ ነውና። በሹክሹክታ የምንነጋገረውን እየለቀሙ ለማምጣት ሰዎችዎ የሚያዩትን አበሳ ሳስብ አንጀቴን ስለሚበላኝ፣ እኔ በበኩሌ ማንም ሳይደክም ነገሬ ከእጅዎ ይግባ ብዬ በግልጽ ጽፌያለሁ። ፊደሎቼ እዚህም እዚያም ተወላግደው ቢያገኟቸው የፍርሃቴ ሥራ እንጂ የአክብሮት ጉድለት እንዳልሆነ ይረዱልኛል።

ከሚፈሩዎ ብዙ ሰዎች መካከል የትኛዋ እንደሆንኩ ቢጠፋብዎ፣ የሆቴሎችና የሆስፒታሎች አንሶላ በሚታጠብበት ላውንደሪ የምሠራ ተኳሽ ነኝ። ተኳሽ ስል ልብስ ነው፤ ከካውያ በቀር ሌላ መሣሪያ ጨብጬ አላውቅም። በእርስዎ ዘንድ ቃል ሳይብራራ ማለፍ አደገኛ መሆኑን ስለተማርኩ ነው የማብራራው።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ያን ቀን ማራገቢያው ተበላሽቶ፣ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ተኝቶ፣ እኛም ባልታጠበው አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጠን ምሳችንን ስንበላ፣ አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዬ «እንደው ቪዛ በር ላይ ቢታደል የት አገር ትሄዱ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እኔ ልብስ ሳይተኮስ የሚለበስበት አገር አልኩ። እሷ ልጆቿ ያለ ሐሳብ የሚማሩበት አለች። ማድረቂያውን የሚያንቀሳቅሰውና ሰውን ሁሉ «ወዳጄ» ብሎ ስለሚጠራ እኛም ወዳጄ ያልነው ሰው ግን ላቡን በክርኑ ጠርጎ «ወዳጄ፣ እኔስ በረዶ ያለበት አገር! በረዶው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ሰው ካልረገጠኝ በቀር አልነሳም» አለ። ጎናችንን ይዘን ሳቅን። ሤራችን ከነአባሎቹ ይኸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጨዋ ሰዎች መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ወዳጄን ወሰዱት። ማድረቂያው እየተሽከረከረ፣ የምሳ ዕቃው መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ሄደ። ምሳ ዕቃውን ማን እንደሚያነሳው ስንፈራራ ምግቡ ሸተተ። የእርስዎ «አሁን» ከእኛ «አሁን» እንደሚረዝም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። እኔንም አስጠርተው ለስላሳ ወንበር ሰጥተውኝ ሻይ አስቀርበውልኛል። «እናቴ፣ አይፍሩ» ሲሉኝ መፍራት ጀመርኩ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር እንዳለ አላወቅሁም ነበርና። «እርስዎስ የትኛውን አገር መረጡ?» አሉኝ። «እዚሁ» አልኩ። «እዚሁ ማለት?» ሲሉኝ «እዚሁ… ወንበሩ ላይ» ብዬ አረፍኩት። እርስዎ ሳቁ፤ እርስዎ ስለሳቁ እኔም ሳቅሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሳቅ ስቄ አላውቅም፤ እርስዎ ሲያቆሙ እኔም አቆምኩ። ከዚያ በኋላ በታላቅ ርኅራኄ «ልጅዎ ነርስነት ትማራለች አይደል? ማታ ስትመለስ በዚያ በድልድዩ በኩል መሆን የለበትም፤ ጨለማ ነው» ብለው መከሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ልጅ እንዳለችኝ አልነገርኩዎትም ነበር። በድልድዩ በኩል እንደምትመለስ ደግሞ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ያለ አባት ያሳደግኋትን ልጅ የሚጠብቅ ዓይን እንዳላት ሲያሳውቁኝ የሻዩ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ሲንገጫገጭ ሰምተውታል፤ ያ እንግዲህ ምስጋናዬ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጸጥታው። የጽሕፈት ቤትዎ ስም እንደሚያመለክተው ጸጥታ በእርግጥ ሰፍኗል። ያቺን የምሳ ጨዋታ ማን ወደ እርስዎ እንዳደረሳት አናውቅም፤ ስለዚህ አጣፊዋ እኔን ትጠረጥራለች፣ እኔ እሷን። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ እየተራመደ ተገናኝቶ፣ እጅ ለእጅ ይቀባበለዋል። ስንት ዘመን እንደዚያ ስንቀባበል የኖርን ሴቶች ዛሬ እጃችን ሊነካካ ሲል ጫፉን ለቀን ዞር እንላለን። አንሶላው መሬት ይወድቃል፤ አንስተን እንደገና እናጥበዋለን። ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እኛም አፋችንን ዘግተን አፋፉን እያየን ነው።

አራተኛ፣ ወዳጄን ስለመለሱልን። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት መጣ። «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት። «አገሬን እወዳለሁ» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁትና ተውኩት። «ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት። «ይተዉት እርስዎ፣ አገሬን እወዳለሁ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ወዳጄ ብሎ ሲጠራ አልሰማንም። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ የማድረቂያው በር ተከፍቶ ትኩሱ አየር ፊቱ ላይ ሲወጣበት፣ ኮቱን ደርቦ ይንቀጠቀጣል። የተመኘውን ብርድ ያለ ቪዛና ያለ ትኬት አጥንቱ ድረስ ስላስገቡለት ቤተሰቡ በምን አፉ እንደሚያመሰግንዎ አላውቅም። ሚስቱ አንድ ቀን በር ላይ ጠብቃኝ «እባክሽ፣ ምን አድርገውት ነው?» አለችኝ። እኔም ግራና ቀኝ አይቼ «ቸኩያለሁ» ብያት አለፍኩ።

አምስተኛ፣ ምርጫችንን ስላፋጠኑልን። ልጄ ከአገር የመውጣት ሐሳብ አልነበራትም። ከመንገዱ ማዶ ባለው ክሊኒክ ተቀጥራ፣ ምሳዋን እቤቷ እየበላች መኖር ነበር ሕልሟ። ከሻዩ በኋላ ግን እናትና ልጅ ከራት ስንነሳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርገን፣ የድሮ የካርታ መጽሐፏን አልጋ ላይ ዘርግተን፣ አገር እንመርጥ ጀመር። በዚህኛው ምርጫ ሳቅ አልነበረም። አንዱን ቋንቋው ይከብዳል አልን፤ ሌላውን የመጣውን ሰው ይመልሳል ሲባል ሰምተናል አልን። «እማዬ፣ በቃ አንቺ ደስ የሚልሽን ምረጭልኝ» አለችኝ። እኔ ግን ደስ የሚለውን ሳይሆን የሚርቀውን ፍለጋ ከከተማችን ተነስቼ በስንዝር ለካሁ። «ይሄኛው ስንዝር ተኩል ነው፤ እዚህ ሂጂ» አልኳት። ስለዚያ አገር የማውቀው ርቀቱን ብቻ ነው። ስትሄድ አልሸኘኋትም፤ ሁለት ሴቶች ሻንጣ ይዘው ሲላቀሱ ዓይን ይስባሉና። ሥራ ቦታዬ ቆሜ ካውያዬን የሆስፒታል አንሶላ ላይ ረስቼው አቃጠልኩት። አጣፊዋ አየችኝ። ውሃ ደፋችበት፣ ከዚያም ፊቷን አዙራ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያቺን ታህል ደግነት የፈጸመችው ፈርታ ስለሆነ እባክዎ በጥፋት አይቁጠሩባት።

እንግዲህ የምፈራላት ከእጅዎ ወጥታለች፤ የቀረሁት የምፈራው እኔ ነኝ። ይህን የጻፍኩት ድፍረት አግኝቼ አይምሰልዎ። ከውጭ መኪና ሲቆም ብዕሬን ስንት ጊዜ እንደጣልኩት እኔ አውቃለሁ። ደግሞ ለሻይ ቢጠሩኝ እመጣለሁ፤ ወንበርዎም ለስላሳ ነው። ወዳጄን ግን ከዚህ በኋላ ባይጠሩት። ከእሱ የሚወሰድ የቀረ ነገር የለም።

ጆሮዎን ስለምትፈራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይንዎን ስለምትፈራ መጋረጃዋን ዘግታ፣ ቸርነትዎን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ስለምትፈራ በሩቁ እጅ እየነሳች የምትሰናበትዎ፣
የላውንደሪዋ ልብስ ተኳሽ።

ማስታወሻ፦ ልጄ በሰላም ገብታ ትናንት ደወለችልኝ። በተከራየችው ክፍል እንደተቀመጠች በሩ ተንኳኳ፤ እሷም አልጋ ሥር ገብታ፣ አፏን በእጇ አፍና፣ ኮቴው እስኪርቅ ድረስ ተኛች። በኋላ ስትከፍት፣ ከመስኮቷ የወደቀውን ፎጣ ከታች ያሉት አሮጊት አጥፈው ደጃፏ ላይ አስቀምጠውላት ሄደዋል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚያም አገር ቅርንጫፍ ስለከፈቱ እንኳን ደስ አለዎት፤ የሚገኘው ከልጄ ደረት ውስጥ ነው፣ ኪራይም አይጠየቁበትም።