ለመስኮት ቁጥር ሦስት ኃላፊ፦ ስለ ዘነበች ወርቅ

ይድረስ ለክቡር የቪዛ ቃለ መጠይቅ ኃላፊ፤
ስምዎን ሊነግሩኝ ስላልወደዱ በመስኮትዎ ቁጥር ለምጠራዎ፤
አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋር አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሰው ሲመልሱ መዋል ወገብ እንደሚያደክም ስለምገምት አላህ ያበርታዎ እላለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም አልፌ፣ ሰሞኑን ብቻዬን እየሳቅሁ ጎረቤቶቼን ያሳሰብኩ ሴት ሆኛለሁ። የደስታዬን ምክንያት በስተመጨረሻ እነግርዎታለሁ።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ዘይቱና ሱሌይማን እባላለሁ፤ በሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ዓመት ልጄ ኑርሃን እርስዎ አገር ሆና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በተቃረበች ጊዜ፣ ሄጄ ላርሳት ብዬ የስድስት ወር የቱሪስት ቪዛ ለመጠየቅ እርስዎ ፊት የቀረብኩት እኔ ነኝ። ልጇን ልታርስ ለምትሄድ እናት የተዘጋጀ የቪዛ ዓይነት ስለሌላችሁ ቱሪስት ሁኚ ተባልኩ፤ እኔም ሆንኩ። ልጎበኝ ያሰብኩት ቅርስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገና አልተወለደም።

ከዚህ በታች በትሕትና የማቀርባቸው ጉዳዮች አቤቱታ ሳይሆኑ ምስጋና መሆናቸው ይታወቅልኝ።

አንደኛ፤ ሰፈራችንን ሥራ ስላስፈቱልን አመሰግናለሁ። ቃለ መጠይቅ እንዳለብኝ የተሰማ ዕለት ሁሉም የራሱን ጉዳይ ትቶ የእኔን ያዘ። በአንድ ወቅት እስከ ጅቡቲ ድረስ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩት፣ በዚህም ምክንያት የውጭ አገር ነገር አዋቂ ተደርገው የሚቆጠሩት ባለ ሱቁ ጋሼ ታምራት፣ ከሱቃቸው መስኮት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጠው እርስዎን ሆኑ። እኔም ከገበያ መልስ እየሄድኩ ፊታቸው ቆሜ እጠየቅ ነበር። ጋሼ ታምራት እንደ ቀልድ የጀመሩት ነገር ሥልጣኑ ጣፈጣቸውና ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ «ለምን መጣህ? እስከ መቼ ትቆያለህ? ቤትህ የሚመልስህ ምን አለህ?» እያሉ ያፋጥጡት ጀመር። ከማጀቴ ከተማ የመጣ አንድ ሰው «በቂ ምክንያት አላቀረብክም» ተብሎ ጨው ተከልክሎ ሄዷል። እኔንም ደጋግመው ከልክለውኝ ስለነበር ምን ያለ ጭካኔ ነው ብዬ አኩርፌያቸው ነበር፤ እርስዎን ካየሁ በኋላ ግን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቢሮዎ ቅዝቃዜ አመሰግናለሁ። ለአንድ ቆላ ሰው እንደዚያ ያለ ብርድ በነጻ ማቅረብ ትልቅ ግብዣ ነው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያየው አስተርጓሚዎ «ምን ያስፈራዎታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኛ አገር ሰው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው ወባ ስትይዘው ብቻ እንደሆነ በቅንነት አስረዳሁ። ይህ ከተተረጎመልዎ በኋላ ወንበርዎን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ እንዳደረጉ አይቻለሁ፤ መካከላችን ወፍራም መስታወት እያለ እንደዚያ መጠንቀቅዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ወርቁ ልምጣ።

እዚህ ይፋት ቆላ አንዲት ሴት ለትልቅ ጉዳይ ሰው ፊት ስትቀርብ የራሷን ልብስ ብቻ ለብሳ አትሄድም። ልጅ ስትድርም ሆነ ሽማግሌ ስትቀበል ጎረቤት ያለውን አውጥቶ ያለብሳታል፤ ውሰት እንለዋለን። ይህን የምናደርገው ስላጣን ብቻ አይደለም፤ ሴትዮዋ ብቻዋን እንዳልሆነች ላያት ሁሉ እንዲታወቅ ነው። የእርስዎንም መስኮት ከትልቅ ጉዳይ ቆጥረነው (ስህተታችን የገባን ኋላ ነው) ዘነበች ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችውን የአንገት ወርቅ አጠለቀችልኝ። ፈትያ የሐር ሻሿን፣ ሔለን ቦርሳዋንና ጫማዋን ሰጡኝ፤ ጫማው ስለሚጠበኝ እስከ መስኮትዎ የደረስኩት በአላህ እርዳታ ነው። እትዬ አልማዝ ደግሞ «ደብረ ሲና ላይ ብርድ አለ» ብለው የባለቤታቸውን ካፖርት ይዘው መጡ። ተሰናድቼ ስጨርስ ራሴን በመስታወት ባይ ከመቀመጫዬ ልነሳላት ምንም አልቀረኝም።

እርስዎም፣ ይህን አልክድም፣ በጨዋነት ወርቁን አይተው «ያምራል» አሉ። በእኛ ዘንድ በውሰት ያጌጠች ሴት ስትመሰገን ምስጋናውን ለጌጡ ባለቤት ማሳለፍ አለባት፤ ዝም ካለች እንደ ሰረቀች ይቆጠራል። ስለዚህ «የዘነበች ነው» አልኩ። ዓይንዎ ወደ ሻሹ ሲሄድ «የፈትያ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላማ እንዳይቸገሩ ብዬ ቦርሳውንም፣ ጫማውንም፣ ካፖርቱንም ሳይጠይቁኝ ከነባለቤቶቻቸው አስተዋወቅሁዎት። አስተርጓሚው በዚያ ብርድ ላቡን ሲጠርግ ነበር። በመጨረሻ «ታዲያ የእርስዎ የሆነው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የእኔማ ልጄ ናት፤ እርሷም እናንተ ዘንድ ነች» ብዬ መለስኩ። ይህ መልስ በጋሼ ታምራት ልምምድ ውስጥ ስላልነበረ ተበላሽቶብኝ ሊሆን ይችላል። የሰጡኝ ወረቀት ወደ አገሬ የሚመልሰኝ በቂ ነገር እንደሌለኝ ይገልጻል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳቄን መግታት አቅቶኝ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ወርቁ የራሴ ቢሆን ኖሮ እኮ ይዤው ብቀር የሚጠይቀኝ አልነበረም! የዘነበችን ወርቅ አጥልቃ የምትቀር ሴት ግን ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና ቢፈለግ አትገኝም። አውሮፕላኑም ላይ እንደዚያው አጊጬ እንድወጣ፣ አራሷም በዚያው ጌጥ እንድታየኝ ተስማምተን ነበር። ወርቁ በጥር ለሠርጉ ይፈለጋል፤ ሻሹ ለዒድ ይፈለጋል፤ ካፖርቱማ ከባለቤቱ ጀርባ የወረደው አስምለውኝ ነው። ብዘገይ ዘነበች ራሷ እስከ በርዎ ትመጣ ነበር፤ እርሷ ደግሞ ቪዛ ጠይቃ የምትመጣ ሴት አይደለችም። በአገርዎ ያለውን ፖሊስ ሁሉ ቢያሰልፉ እንደ ዘነበች አጥብቆ የሚመልሰኝ አያገኙም። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ዋስትና አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ እያዩ የለሽም አሉኝ።

አራተኛ፤ ይህኛውን በሳቅ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ኑርሃን ያለ እኔ ወለደች። ገንፎዋን ያገነፋላት ባሏ ሷሊሕ ነው፤ እኔ በስልክ ምስል እያየሁ፣ እርሱ እያማሰለ፣ ሁለታችንም እየጮህን። ገንፎው አረረ። ልጄ ከአልጋዋ ሆና በደከመ ድምፅ «እማዬ፣ የት ነሽ?» አለችኝ። የትም አልነበርኩም፤ ማሾ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስልክ ይዤ ነበር። ያን ቀን ገበያው መሐል ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እናት የምትፈለግበት ቀን በሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ አይደለም፤ እርስዎ ከእነዚያ አንዱን ወሰዱብኝ። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው እንጂ መልስ አልጠብቅም።

አምስተኛ የሚባል ነገርም ነበረኝ፤ እርሱን ከመጻፌ በፊት ንዴቴ አለቀብኝ።

ምናልባት ወደ ወሎ ሲያልፉ ሸዋ ሮቢት ላይ መኪናዎ ቢግል፣ ቤቴ ከገበያው አጠገብ መሆኑን ያስታውሱ። ጥላ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይጠፋም። ለምን መጣህ፣ መቼ ትመለሳለህ የሚልዎ ሰው የለም፤ ከጋሼ ታምራት በቀር። እርሳቸው እስካሁን ከመስኮቱ አልወረዱም።

መስኮትዎ ሰፊ፣ ወንበርዎ ለስላሳ፣ ማኅተምዎም እድሜው ረጅም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በጎረቤቶቼ ጌጥ ደምቄ በገዛ እውነቴ የተከለከልኩት፣ ወርቁንም በዚያው ዕለት ለባለቤቱ ያስረከብኩት፣ የክቡርነትዎ ያልተፈቀደላት ቱሪስት፣

ዘይቱና ሱሌይማን
ከሸዋ ሮቢት

ድኅረ ጽሑፍ፤ የደስታዬን ምክንያት ልነግርዎ ቃል ገብቼ ነበር። ይህን ስጽፍ ያ ልጎበኘው የነበረው ቅርስ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ብዕሬን እየቀማኝ ነው። ኑርሃንና ሷሊሕ ይዘውልኝ መጡ። ሷሊሕ የእርስዎ አገር ተወላጅ ስለሆነ የእኛን ቪዛ ያገኘው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ነው፤ ወደ አገሩ የሚመልሰው ምን እንዳለው አንድም ሰው አልጠየቀውም። ለጥቂት ሳምንት ብሎ መጥቶ ሁለት ጊዜ አራዝሟል፤ አሁንም የዘነበችን ባል የተመስገንን ሽርጥ አሸርጦ ማንጎው ሥር ተኝቷል። የእርስዎን ሥራ ላግዝ ብዬ እኔው ቃለ መጠይቅ አደረግሁለት። ቤቱ የባንክ ነው አለኝ። መኪናውም የባንክ ነው አለኝ። «ሶፋውስ?» ስለው እርሱም ዕዳው ተከፍሎ ስላላለቀ ገና የሻጩ ነው አለኝ። ለካስ እናንተም በውሰት ነው የምትኖሩት፤ ያዋሳችሁ ሰው ግን እንደ ዘነበች በመልክ አያውቃችሁም። እንግዲህ በእርስዎ መለኪያ ከሆነ ይህ ልጅ የሚመለስ አይመስለኝምና እባክዎ አይጠብቁት።