ኖራ ላይ የተቀባው ክሬም ቀለም

ሰኞ

ግድግዳው አርጅቷል ትለኛለች! እኔ በገዛ እጄ ጭቃ መርጌ፣ በየፋሲካው ኖራ የቀባሁትን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፈው ልጄ መሠረት ናት፤ አሁንም ፊቷን አጨፍግጋ እየጻፈች ነው። እሁድ ሽማግሌዎች እሷን ለልጃቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሳሎኑ ክሬም ቀለም ይቀባ አለች። ይሁን። ቀለም ቀቢ ግን እኔ እያለሁ ቤቴ አይገባም።

ማክሰኞ

መሠረት ሥራ ስለሄደች ጳውሎስ ሰፈር ካለ ሱቅ ቀለሙን ብቻዬን ገዛሁ። ሻጯ፣ «አባባ፣ መጀመሪያ ኖራው ይፋቅ፤ አለዚያ ቀለሙ አይዝም» አለችኝ። የትናንት ልጅ! እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ግድግዳ የምቀባ ሰው ነኝ። አልፋቅሁም። ቀባሁት። ቅቤ ጠብ ያለበት ወተት መሰለ። ቤቱ ሰፋ፣ ሞቀ። መሠረት ስትመጣ ቆማ አይታ አይታ ጉንጬን ሳመችኝ። የሻጯን ነገር አሁን ሳስጽፋት ግን እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ። ጻፊ፣ ምን ታይኛለሽ አልኳት።

ረቡዕ

ጠዋት ብነሳ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ አብጧል። በጣቴ ነካ ባደርገው ኖራውን ይዞ እንደ ጨርቅ ወረደ። ከመሠረት ጋር ሱቅ ሄጄ ሰው ፊት ጮህኩ። ሻጯ ባልዲውን ወደ እኔ አዞረችና፣ «እዚህም ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት» አለች። መነጽሬን ረስቼ ነው አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። መሠረት መሬት መሬት ታያለች።

ሐሙስ

የሚጻፍ የለም።

ዓርብ

አለ እንጂ። ትናንት ያላስጻፍኳት ይኸው። እሷ ሥራ እያለች ለሚያገባት ልጅ አጎት ለአቶ ደምሴ ደወልኩና፣ «ታምሜያለሁ፤ የእሁዱ ለሌላ ቀን ይሁን» አልኳቸው። በዚያ ግድግዳ ሥር ላስቀምጣቸው? አላሰብኩትም እንጂ፣ ሰው ታመመ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀመጣል?

ዛሬ አመሻሽ ላይ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ኖራ በቢላ ስፍቅ በሩ ተከፈተ። አቶ ደምሴና የልጁ እናት፣ ብርቱካን ይዘው። መሠረት ከሥራ ስትገባ በር ላይ አግኝታቸው ከኋላቸው ቆማለች። «እግዜር ይማ...» ብለው ቀሩ። እኔ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ ነጭ ነኝ።

አቶ ደምሴ፣ «በሽተኛው የታል?» አሉ።

ከጠረጴዛው መውረድ አቃተኝ። «ዋሽቻለሁ። ግድግዳው አሳፍሮኝ ነው» አልኩ። ብርቱካኑን አስቀምጠው፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

«አባዬ፣ የውሸታም ልጅ አደረግኸኝ» አለች። ይህንንም ጻፊው። እንዳትዘይው።

ቅዳሜ

ፍቀን ጨረስን። አብራኝ ፋቀች፣ ሳታናግረኝ። ቀለም የለም፤ ጭቃው ራቁቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ፣ አቶ ደምሴ ናቸው።

«በሽተኛው እንዴት ዋሉ?» ብለው ሳቁ። «ነገ እንመጣለን። የምንጠይቅዎ ልጅቱን ነው፤ ግድግዳው ለእርስዎ ይቅር።»

መሠረት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አባት ልጁን ሲጠየቅ መጀመሪያ ኮራ ብሎ፣ «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል፤ ወጉ ነው። እኔ ነገ በየትኛው ፊቴ ነው ተመለሱ የምላቸው?