ስድስተኛው ቀን የእማዬ እጅ ነው

ውድ ሀምዛ፣

ስልኩ አሁንም እኔ ጋ ነው። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ጀይላን መልስ አላለኝም፤ እኔም ዲራ ገበያ ድረስ ሄጄ ሱቁ ውስጥ አንተ የሌለህበትን ቦታ ማየት አልደፈርኩም። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። "የሱቅ ዕቃ ከሰባት ቀን በላይ ቤት አያድርም" ትል ነበር። ግን የስልኩን የሰባት ቀን ፈተና እኮ አልጨረስከውም፤ አምስተኛው ቀን ላይ ትተኸው ወጣህ። የቀሩትን ሁለት ቀናት ምን እንዳደረግሁባቸው ልነግርህ ነው የምጽፍልህ። አንድ ጥፋትም አጥፍቻለሁ።

ዲራ ውስጥ ስልክ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ እንዳንተ የሚሸጥ ግን አላየሁም። ሰው ገብቶ "ርካሽ ሆኖ ጥሩ ስልክ አለህ?" ሲልህ መጀመሪያ ዕቃ አታወጣም። "ለማን ነው?" ትላለህ። "ለእህቴ" ካለህ ደግሞ "የት ነው ያለችው? መብራት በደንብ አላቸው? ማንበብ ትችላለች?" እያልክ ትቀጥላለህ። ጋሽ ጀይላን ከመደርደሪያው ጀርባ "ያላ ሀምዛ! ስልክ ሽጥ አልኩህ እንጂ ልጅቷን ልታገባት ነው እንዴ?" ሲልህ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይስቅ ነበር።

አዲስ ርካሽ ስልክ በመጣ ቁጥር አንዱን ወደ ሻርጃ፣ ወደ ክፍላችን ይዘህ ትመጣለህ። ሲምህን አዙረህ የራስህን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍና ሰባት ቀን በዚያ ብቻ ትኖራለህ። ውጤቱን በእኔ የድሮ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ትጽፋለህ። ሰባተኛው ቀን ሳያልፍ "ጥሩ ነው" የሚል ቃል ካፍህ አይወጣም። ከዚያ በዚያው ስልክ ድምፅህን ቀድተህ ቻናልህ ላይ ትለቀዋለህ፤ በየማዳሙ ቤት የሚሠሩት እህቶች እሱን ሰምተው ይገዛሉ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። እኔ በዚህ አፍር ነበር። ትምህርት ቤት "ወንድምህ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ "ኩባንያ ውስጥ ነው" እል ነበር። አንዴ ልትወስደኝ ስትመጣ ያን ስክሪኑ የደበዘዘ ስልክ ፀሐይ ላይ ይዘህ "ምንም አይታይም!" እያልክ ስትጮህ፣ እንዳላየ ሆኜ በሌላው በር ወጣሁ። በኋላ "ፈልጌህ አጣሁህ" አልከኝ። አይቼህ ነበር፣ ሀምዛ።

አምስተኛው ቀን የባትሪ ነው። ሞልተህ ከቻርጅ ነቀልከው፤ መስኮቱ ላይ አቆምከውና "በራሱ እስኪጠፋ ማንም እንዳይነካው" ብለኸኝ ወደ ሥራ ሄድክ። ከዲራ ስትመለስ የተሳፈርክበት መኪና ተገለበጠ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። ከካራማ፣ ከአጅማን፣ የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ "የሀምዛ ቤት ይሄ ነው?" እያሉ ይመጡ ነበር። ሰው በወጣ ጊዜ ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። ስልኩ አልጠፋም። አሥራ አንድ ከመቶ ይላል። ያን ሁሉ ለቅሶ ማንም ሳይነካው ቆሞ ነበር። ደብተርህን አወጣሁና "አምስተኛ ቀን፦ ሦስት ቀን ሙሉ ቆየ" ብዬ ጻፍኩ። ካንተ ጽሑፍ ሥር የእኔ ጽሑፍ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቻርጅ ላይ እንደሰካሁት አንድ ቮይስ ገባ። ሰብለ ከምትባል ሴት ነው፤ አጅማን ሰው ቤት የምትሠራ።

"ሀምዜ፣ ምነው ጠፋህ? ማዳም ከመምጣቷ በፊት ቶሎ ልንገርህ። ዓርብ አገሬ መግባቴ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ጠብቄ! ያ ለእናቴ ያልከኝ ስልክ ምን ደረሰ? የሚስጥር ቁጥሩን እየረሳች ሁለት ስልክ ቆልፋብኛለች። በጣት የሚከፈት ካልሆነ እንዳትሰጠኝ ብዬሃለሁ። ሸክላ ስትሠራ የምትውል ሴት ቁጥር ምን ያስታውሳታል? በል ንገረኝ፣ ጥሩ ነው ወይስ ሙሽኪላ አለው?"

አልሰማችም ማለት ነው። ጣቴን አስመዘገብኩና ሞከርኩት፤ ወዲያው ተከፈተ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥሩንም ከፈተ። "ጥሩ ነው፣ ግዢው" ብዬ ጻፍኩላት። ሀምዛ ነኝ አላልኩም። አይደለሁምም አላልኩም።

"ዋላሂ፣ አንተ ካልክ ኸላስ፣ በቃ!" አለችኝ። "ሐሙስ ማዳም ታስወጣኛለች፤ ሱቅ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

ጥፋቴ ይሄ ነው። በአንዲት ሴት ሐሳብ አንተ አሁንም ዲራ ቆመህ ስልክ ትሸጥ ነበር፤ ያን ማበላሸት አልፈለግሁም።

በማግሥቱ የስድስተኛውን ቀን ውጤት ልጽፍ ደብተሩን ገለጥኩ። አንተ አስቀድመህ "ስድስተኛ ቀን፦ የእማዬ እጅ" ብለህ ጽፈሃል። ወደ ኋላ ብገልጥ በሁሉም ስልክ ሥር አለ። "የእማዬ እጅ፦ አለፈ።" "የእማዬ እጅ፦ እምቢ አለ፣ ለሠራተኛ እንዳይሸጥ።" እማዬ ከሥራ ስትገባ እጇን ይዘህ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ስታስነካ እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ጣት እስክሪብቶ እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። የእማዬ ግን ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ወለል በበረኪና ስታሽ መስመሩ ሁሉ ጠፍቷል። የሰብለ እናት ደግሞ ሸክላ ናት የምትሠራው። የእሷም ጣት እንዲሁ ነው ማለት ነው።

እማዬ ከቀብርህ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትውለው። ሥራም አልገባችም።

"እማዬ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

"ምን ሊሆንልህ?"

"የሀምዛ ሥራ ነው። ሳይጨርሰው ነው።"

ዞር አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቷን አስነካሁ፤ ስልኩ "እንደገና ሞክር" አለ። ሌባ ጣቷን፤ እንደገና ሞክር። ወደ ግራ እጇ ዞርኩ፤ እሱም ያው ነው።

"እኔ ራሴ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶኛል" አለች፤ "እሱ በምን ያውቀኛል?"

"በቃ ተይው፣ አይሆንም" ብዬ ልነሣ ስል ያዘችኝ።

"ቁጭ በል። ወንድምህ እንዲህ እየተቻኮለ አልነበረም የሚሠራው። አሥሩንም ነበር የሚሞክረው። ይቺን መች ነካሃት?"

የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት አወጣች። "ይቺ ሥራ ፈት ናት። ሌሎቹ ሲያሹ እሷ ጥግ ይዛ ነው የምትውለው።"

ስልኩ ተቀበላት። ዘጋነው፣ አስነካች፣ ተከፈተ። ደግመን ዘጋነው፣ ተከፈተ። እማዬ ሳቀች፣ ሀምዛ። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ለካ አንዷ ቀርታልኛለች" አለች። ስትናገር ጣቷን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ለሰብለ "ትንሿን ጣት ትሞክር" ብዬ ባንተ ስም መጻፍ እችል ነበር። ግን ሐሙስ ሱቅ ገብታ አንተን ልትጠይቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከጋሽ ጀይላን አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ስለዚህ ድምፄን ቀዳሁ።

"ሰብለ፣ ሙጂብ እባላለሁ፣ የሀምዛ ወንድም ነኝ። ሀምዛ በመኪና አደጋ ሞቷል። ጥሩ ነው ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ፈተናውን ሳልጨርስ ነው ያልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።" ስለ ጣቱም ነገርኳት።

ከዚያ አንድ ቮይስ መጣ፤ ለቅሶ ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ሌላ፦

"አንተ ልጅ፣ በሞተ ሰው ስም ይጻፋል? ሁለተኛ እንዳታደርገው። እሺ... ስንተኛው ቀን ላይ ነህ?"

"ስድስተኛው።"

"እንግዲያው አንድ ይቀርሃል። እኔ ሰባቱ ሳያልቅ ከእናንተ ሱቅ ገዝቼ አላውቅም። ሐሙስ ከመውጣቴ በፊት ላክልኝ። ጽሑፍ አይደለም፣ ድምፅህን! ሰምተሃል?"

ረቡዕ ማታ እማዬ የሥራ ልብሷን ተኮሰች። "ነገ እገባለሁ" አለችኝ። እኔ ሰባተኛውን ቀን አነበብኩ። "ሰባተኛ ቀን፦ ሙጂብን ይቀስቅስ። እሱን ከቀሰቀሰ ማንንም ይቀሰቅሳል።" በየስልኩ ሥር ስሜ አለ። እኔ በሌላው በር የወጣሁበት ስልክ ሥር እንኳ። የስልኩን ማንቂያ ደወል ለንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ሞላሁና እንዳንተ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ሲጮህ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። እማዬ ገና ሳይነጋ በምትሠራበት የጽዳት ድርጅት መኪና ሄዳለች። ዓይኔን ሳልገልጥ አንተ እንደ ድሮው ብርድ ልብሴን እስክትገፍልኝ ጠበቅሁ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቋረጠም። ድምፁ ለዋጋው ኃይለኛ ነው። ተነሣሁና በባዶ እግሬ ሄጄ ዘጋሁት። ፊቴን ታጠብኩ፤ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ከዚያ አልጋህ ላይ ተቀምጬ ቀዳሁ።

"ሰላም እህቶቼ። ሀምዛ አይደለሁም፤ ወንድሙ ሙጂብ ነኝ። ይህን ስልክ ሰባት ቀን ኖረንበታል፤ አምስቱን እሱ፣ ሁለቱን እኔ። ካሜራው ደካማ ነው፣ አልዋሻችሁም። ብዙ ነገር ከከፈታችሁበት ይንቀራፈፋል። ሁለት ሲም ይወስዳል፤ አማርኛ ይጽፋል። ባትሪው ከምታስቡት በላይ ይቆያል። ስልኩ ጣታችሁን እምቢ ካለ አትዘኑ፤ ትንሿን ጣት ሞክሩ። ለእናት ይሆናል።"

ለሰብለ ላክሁት፤ ቻናልህም ላይ ለቀቅሁት። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ታች ጥሩምባ ሲነፋ ደብተሩን እንደገና ገለጥኩ። ከስሜ ፊት ለፊት "ተነሥቷል" ብዬ ጻፍኩና ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ።

ወንድምህ
ሙጂብ