አቶ ንጉሡ ወልደአምላክ እና የቀንዳሙ ዳይኖሰር ጥርስ

አቶ ንጉሡ ወልደአምላክ የዳይኖሰር ጥርስ ከመቆፈሪያው በኪሳቸው ይዘው ወጥተዋል የሚለውን ወሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሠርግም በለቅሶም ሲደገም ኖሯል። ወሬውን የጀመሩት ሰው ዛሬም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋልና ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ለማንኛውም ታሪኩ ከመጀመሪያው ይነገር።

አቶ ንጉሡ ከአባታቸው ከአቶ ወልደአምላክ ዘውዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስሂን ዓብዩ በ1942 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ የሚፋቅ ቀንድ ሽታ ከልጃቸው አፍንጫ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። አቶ ንጉሡ ትምህርታቸውን እዚያው ከጨረሱ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ ተናኘወርቅ መንገሻ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ወደ አሜሪካ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተቀመጡ በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. አንዲት ልጃቸውን ኤፍራታን ወለዱ።

ከ1993 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የጥርስ ላቦራቶሪ ሠርተዋል። ግብዣ ላይ ተቀምጠው ማን በየትኛው በኩል እንደሚያኝክ ያውቁ ነበር፤ ደግነቱ አይናገሩም።

በ2005 የኤፍራታ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ሎረል ከተማ አጠገብ ወዳለ የቅሪተ አካል መቆፈሪያ ሲወስድ አባትም አብረው ሄዱ። ልጅቷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰለቻት፤ አባትየው ስድስት ዓመት ቆዩ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ጉልበታቸው ላይ አስረው ጭቃው ላይ ይንበረከኩ ነበር። እዚያ ሁሉም «ሚስተር ንጉሡ» ይሏቸዋል፤ ደረታቸው ላይ የሚለጥፉት የስም ወረቀትም ይኸንኑ የሚል ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ የተገኘው ሁሉ ለቦታው ይሰጣል፣ ያገኘው ሰው ስም ካርድ ላይ ይጻፋል።

በማርች 2009 ከሽንብራ እምብዛም የማይበልጥ ጥርስ አገኙ። ሌሎቹ የአዞ ነው አሉ። እሳቸው መሐሉ ላይ ያለውን ሸንተረርና በአንድ ጎኑ የተበላውን ገጽ አሳይተው፣ «ይኼ እንደ መቀስ የሚቆርጥ መንጋጋ ነው። የቀንዳሞቹ ወገን ነው» አሉ። ከማስረከባቸው በፊት እንደ ሥራቸው ልማድ ልኬቱን ወሰዱ፤ ቤታቸው ሲመለሱም ትክክለኛ ቅጂውን ሠርተው ሳሎን መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

በ2011 ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሰው ቤታቸው በእንግድነት መጥተው ቅጂውን ቢያዩ ዋናው መሰላቸው። በዚያው ሰሞን የመቆፈሪያው አዲስ ኃላፊ መዝገብ ሲያገላብጡ «በሚስተር ንጉሡ ስም የገባ ጥርስ የለም» አሉ። ሁለቱ ነገር ተገጣጠመና ወሬው እግር አወጣ። ኤፍራታ፣ «ዳዲ፣ ጀስት ኢሜይል አድርግላቸው። ሪሲት የለህም?» ብትላቸው፣ «በእጄ ነው የሰጠሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ ሳስረክብ ሪሲት የጠየቀኝ የለም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሎረል አልሄዱም። ቅጂውንም ከመደርደሪያው አነሱት። ስፖንጁ ግን ከነጭቃው እስከ ዘንድሮ መኪናቸው ትራንክ ውስጥ ነበር፤ ወ/ሮ ተናኘወርቅ ልጣለው ባሉ ቁጥር «ይቆይ» ይሉ ነበር።

አቶ ንጉሡ ከ2015 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 17 ቀን 2017 በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ተናኘወርቅ፣ ልጃቸው ኤፍራታ እና ደሴ ያሉት እህታቸው ወ/ሮ አሰፋሽ በኀዘን ላይ ናቸው። አፈርን በጉልበታቸው ተንበርክከው የወደዱ ሰው ነበሩና አፈሩ ይቅለላቸው፤ ነፍሳቸውንም አምላክ ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያኑርልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከአቶ ንጉሡ ጋር ይቆፍሩ የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት ጡረተኛ ደወሉ። የአቶ ንጉሡን ሙሉ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በኀዘን ማስታወቂያው ላይ ነው፤ አይተውም ወደ መዝገቡ ሄደዋል። ጥርሱ ከመሳቢያው ወጥቶ አያውቅም። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድም፣ ካርዱ በአቶ ንጉሡ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ በአባታቸው ስም ተሞልቷል፦ ወልደአምላክ፣ ማርች 7 ቀን 2009። ከሥሩ የአንድ ባለሙያ ማረጋገጫ በሌላ ቀለም ተጽፏል፦ ከቀንዳም ዳይኖሰሮች ወገን፣ 2010።