ከሥጋው ጀርባ ያለችው

ዓርብ፣ መጋቢት 11 ቀን 2018

ከቤተ ክርስቲያን፣ ከብሉር ጎዳና፣ እስከ ፓርክዴል ቤቴ በእግሬ መጣሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ታደሰ ዛሬ ከጸሎት በኋላ ወላጆች ፊት አቆሙኝ።

“አንቺ ልጅ፣ በሁዳዴ ለሕፃናት ሥጋ ቤት ታሳያለሽ?”

ለማስተምራቸው ልጆች ያሳየሁት የድሮ የሆላንድ ገበያ ሥዕል ነው። ከፊት የበሬ ጭንቅላትና ቋሊማ ሞልቶታል። ከኋላ፣ በጠባብ ክፍተት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ትታያለች። ፈልጓት አልኳቸው፤ አገኟት።

ሥዕሉን በስልኬ ከፍቼ “ጋሼ፣ እስቲ ከኋላ ይመልከቱ” አልኳቸው። ጭራሽ ባሰባቸው።

“እመቤታችንን ከበሬ ጭንቅላት ጀርባ! የእሷ ሥዕል በመጋረጃ ተከብሮ ነው የሚቀመጠው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይህንን ነው?”

አንዲት እናት ሳቀች።

አዎ፣ ይህንን ነው። ሠዓሊው ሊያዋርዳት አልደበቃትም። ሰው ሥጋ ሥጋውን እያየ ስደተኛዋን እንደሚያልፋት ሊያሳየን ነው። ጋሼ ታደሰ ደግሞ ራሳቸው የሱዳንን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው የመጡ ሰው ናቸው!

እሑድ ሁሉም ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሁ ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ እንደሚሰጡት ነግረውኛል። ልጆቹን ማጣት ያስፈራኛል። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። እሑድ እሄዳለሁ፤ ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ።